ያወጣናት መስመር

ዙልፋን በዓይኔ ከማየቴ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ስላት ኖሬአለሁ።

ሽማግሌ መስላኝ ነበር። ፌስቡክ ላይ «ጉም አምባ» የሚባል ቡድን ነበረን። ጉም አምባ እኛው የፈጠርነው አገር ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከደሴ፣ ከዐረብ አገርም ጭምር መቶ አርባ ያህል ሰዎች እያንዳንዳችን የዚያን አገር አንድ ሰው ሆነን፣ በእሱ አንደበት እየጻፍን እንጫወት ነበር። አንዱ አንጥረኛ ይሆናል፤ አንዷ የንጉሥ ምራት። አንጥረኛው ዛሬ ማረሻ ሠራሁ ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው ማረሻው ዶለዶመብኝ ብሎ ይከሰዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ የሌለ አገር ወንዝ አወጣ፣ ገበያ አቆመ፣ መቃብር ቆፈረ። እኔ ያኔ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ጉም አምባ የዋልኩባቸው ቀናት ይበዛሉ።

ታሪኩ እንዳይዘባረቅ ሕግ ነበረው፤ «ውል» እንለዋለን። የውሉ ጠባቂ አባ ድርብ የሚባሉ የአምባው በረኛ ነበሩ። በውሉ መሠረት አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም፣ የሞተም አይመለስም። ደሳለኝ የሚባል የወልድያ ባጃጅ ነጂ በጨዋታው ጦርነት ላይ የሞተበትን ጦረኛ ላስነሳው ብሎ ቢለምን አባ ድርብ እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ «ልጄ፣ ዛሬ ላንተ ብለን አንድ ሬሳ ብናስነሳ፣ ነገ ለየትኛው ሟች ከልባችን እናለቅሳለን?» ደሳለኝ አኩርፎ ወር ሙሉ ጠፋ። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሯን ደብተሬ ላይ ገለበጥኳት። የትኛው የተማረ ሽማግሌ ይሆን እንዲህ የሚናገር እያልኩ እገረም ነበር።

አማርኛ ሰው ሲያናግሩበት አንተን ከአንቺ ይለያል። አንቱ ላይ ሲደርስ ግን ወንድም ሴትም አንድ ነው። አባ ድርብን ሁላችንም አንቱ ስለምንል ከጀርባቸው ማን እንዳለ የምታሳብቅ አንዲት ፊደል አልነበረችም።

ውሉ ማንም በገዛ ስሙ እንዳይጫወት ይከለክላል። ይህን የውል ቃል አንድ ጊዜ ያጠፉት አባ ድርብ ራሳቸው ናቸው። ከድጃ የምትባል የውርጌሳ ልጅ ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ጉም አምባ ስትገባ «የንቦች እናት ልሁን» አለች። ስም አውጪ ስትባል እንዲህ ጻፈች፦ «አሠሪዎቼ ስሜን ቀይረውብኛል። ከድጃ ብሎ የሚጠራኝ ካጣሁ ዓመት አለፈኝ። እዚህ እንኳ ከድጃ ልባል።» አባ ድርብ ፈቀዱላት። ፎቶዋንም እንዳለ ለጠፈችው፤ ከመሄዷ በፊት ውርጌሳ የተነሳችው ነው፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ምን እንደምታደርገው የጨነቃት ትመስላለች።

ከየካቲት 2009 መጨረሻ ጀምሮ ከድጃ ጠፋች። አንድ ተጫዋች አርባ ቀን ድምፁ ካልተሰማ፣ የሚጫወተው የጉም አምባ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ የሞት ማስታወቂያ ይጻፍለታል፤ ይህም ውል ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ሁልጊዜ በአንዲት መስመር መጀመር አለበት፦ «ይህ በጉም አምባ ሆነ፤ በምድር አልሆነም።»

አባ ድርብ ማስታወቂያውን ከመለጠፋቸው በፊት ለእኔ ላኩልኝ። አንዳንዴ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ግጥም እንደምወድ ያውቃሉ።

ንቦቿ ቀፎ ውስጥ ማር ሠርተው ሲጠብቋት፣
ከድጃ አልመጣችም፣ በረሃ አስቀራት።
እናቷ ደጅ ወጥታ መንገድ መንገድ ስታይ፣
አሸዋ ለብሳለች ከባሕሩ ማዶ ላይ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «አባ ድርብ፣ ግጥምዎ አስለቀሰኝ። ግን ያቺ የመጀመሪያዋ መስመር እንባውን ታደርቀዋለች። ቢያወጧትስ?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ «እውነትህን ነው፣ ልጄ» አሉ። ግጥሙ ያለ መስመሯ፣ ከፎቶዋ በላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «እንዴት ያምራል!» ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

በአሥረኛው ቀን ከአባ ድርብ መልእክት መጣልኝ። «ያቺን መስመር ያስወጣኸኝ ልጅ፣ እሁድ መርሳ ና። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ዙልፋ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ። አንቱታው ይቅር።»

እሁድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ በእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሳ ላይ የተተከሉትን ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች እያየሁ፣ ሽማግሌውን ምን ብዬ ሰላም እንደምላቸው አስብ ነበር። መርሳ ማንጎ በማንጎ ሆናለች። ከሱቁ ስገባ አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቁልፎቹን ሳታይ በአሥር ጣቷ ትጽፋለች።

«አባ ድርብ አሉ?»

«አሉ። ቁጭ በል።»

«የት ናቸው?»

«ፊትህ ተቀምጠዋል። አፍህን ግጠም፤ ዝንብ ይገባል።»

ዙልፋ ይህቺ ናት። አባቷ ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፋለች፦ የድንበር ክስ፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ። ጽፋ ስትጨርስ ከማተሟ በፊት ለባለጉዳዩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። «ያላልከው ገብቶ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ» ትላለች። ከራሷ አንድ ቃል ጨምራ አታውቅም። ጉም አምባን የጀመረችው ለዚሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስትጽፍ ውላ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የራሷን ቃል ልትጽፍ።

ዓርብ ዕለት የሆነውን ነገረችኝ። ጀብሪል የሚባሉ የውርጌሳ ገበሬ ገቡ። የእህታቸው ልጅ ዐረብ አገር ሞታለች፤ አስከሬኗ እንዲመጣ ማመልከቻ ይጻፍላቸው። ዙልፋ «ኢናሊላሂ» ብላ አድራሻውን ጻፈች፤ ከሥሩም «ጉዳዩ፦ አስከሬን እንዲመጣልን ስለመጠየቅ» አለች። ከዚያ፣ «ማስረጃ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«እንዴታ!» ብለው ስልክ አወጡ። «ደሴ ያለው ዘመዳችን አግኝቶ ላከልን። ከፎቶዋ ጋር ነው። አንብቢው፤ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ፣ የእህቴን ደጅ መቆም ሳይቀር አውቋል።»

የራሷ ግጥም ነበር።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ቀለም አልቋል፣ ሰኞ ይምጡ አልኩ።» ማተሚያውን አየችው። «አላለቀም። እሳቸውም አላህ ይስጥሽ ብለውኝ ወጡ።»



«የስሟን ውል አዝኜላት አጠፍኩ» አለች። «የመስመሯን ውል ግጥሙ እንዲያምር ብዬ አጠፍኩ። ማጠፍ የነበረብኝ ግን አርባ ቀኑን ነበር። ጌቶቿ ስልኳን ቢቀሟትስ? ብትታመምስ? እሱን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ውል ነዋ! ተነስ፣ ውርጌሳ እንሂድ።»

የከድጃ እናት እትዬ ማሚቴ ጎረቤት ከቧቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬን በሌለበት ሰላት ተሰግዶ፣ ሰደቃው ወጥቶ፣ ለቀስተኛው መሳሳት ጀምሯል። ጀብሪል ዙልፋን ሲያዩ ተነሱ።

«ቀለሙ ተገኘ እንዴ? እዚህ ድረስ መጣሽ?»

ዙልፋ እትዬ ማሚቴ እግር ሥር ተንበረከከች። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ማመልከቻውን? ነግሮኛል ልጄ። አላህ ወፍራም እንጀራ ይስጥሽ።»

«ማመልከቻውን አይደለም። ሞቷን ነው።»

ዙልፋ ሁሉንም ተናገረች፤ ጉም አምባን፣ የንቦችን እናት፣ አርባ ቀኑን። በዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር ጨዋታችን እንዴት እንዳሳፈረኝ!

«ጨዋታ?» አሉ ጀብሪል። «ሰው ሞተ ብሎ መርዶ የሚጻፍበት ጨዋታ የት አገር ነው? አንቺ የሙስሊም ልጅ አይደለሽም?»

እትዬ ማሚቴ እጃቸውን አንሥተው ወንድማቸውን ዝም አሰኟቸው። «እንዲያውስ ደግ ነገር ይዛ መጥታለች። ልጄ አለች በይኛ።»

ዙልፋ አንገቷን ደፋች። «አላውቅም፣ እትዬ።»

«አላውቅም?»

«ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ? ሞተች ብትሉኝ አለቀስኩ። አለች ብትይኝ እስቅ ነበር። አላውቅም ስትይኝ ምን ልሁን?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልብሷን እኮ ሰጥቻለሁ። አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ ያኖርኩትን። ለሰደቃ።»

ከዚያ ወደ በሩ አዩ፤ ወደ እኔ። «ይሄስ ልጅ ማነው?»

መናገር ነበረብኝ። መስመሯን ያስወጣኋት እኔ ነኝ ማለት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዙልፋ ዞር ብላ አየችኝ፤ ጠበቀችኝ፤ ረጅም ጊዜ የጠበቀችኝ መሰለኝ።

«የሸኘኝ ልጅ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙልፋ ሱቋን እንደ ነገሩ ከፍታ ከድጃን ስትፈልግ ከረመች። ጉም አምባ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ በምድር ሆነ። አባ ድርብ እኔ ዙልፋ ነኝ። ከድጃ ሞታለች ብዬ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። ሪያድ ያላችሁ ፈልጉልኝ።» አንዱ «ሴት ነሽ እንዴ?» ብሎ ከመሳቁ ደሳለኝ፣ «ዝም በልና ፈልግ!» ብሎ አፉን አስያዘው። ሳዑዲ ያለ ፈቃድ ለሚኖሩ የዘጠና ቀን ምሕረት ያወጀችበት ወቅት ነበር፤ ወደ አገር ለመግባት የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት የለውም። የንጉሥ ምራት ሆና የምትጫወተው ልጅ፣ እዚያው ሪያድ የምትሠራ፣ ፎቶውን ይዛ ከሰልፍ ሰልፍ ዞረች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰልፍ ውስጥ አገኘቻት። ከድጃ ስልኳን ከተቀማች በኋላ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ፣ ቁጥር በቃሏ ስለማታውቅ ለማንም መደወል አልቻለችም ነበር።

እናቷ ጋ ሲደወል ዙልፋ እዚያው ነበረች። እትዬ ማሚቴ ድምፁን ሰምተው አላመኑም። «ከድጃ ከሆንሽ» አሉ፣ «ስትሄጂ የቀረውን ቀሚስ ቀለም ንገሪኝ።»

«አረንጓዴ።»

ስልኩን ለዙልፋ ሰጥተው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ለዙልፋ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተናገሯትም። ሰላምታ ትላለች፤ ሰላምታ ይመልሳሉ።

ከድጃ ሐምሌ ላይ ገባች። መታወቂያ ለማውጣት ማመልከቻ ሊጻፍላት መርሳ የመጣች ቀን እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ከፎቶዋ ከስታለች።

«የንቦች እናት ነኝ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ጻፊልኝ። በሕይወት አለሁ የሚል ጨምሪበት፤ ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ሲያዩኝ ይሮጣሉ።»

ዙልፋ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «ይቅር በይኝ።»

«ግጥሙን አንብቤዋለሁ። ስሞት እንዲያ የሚጻፍልኝ ከሆነ አልጠላም ነበር።» ተቀመጠች። «ትናንት አንዲት ልጅ ቀሚሴን ለብሳ ከገበያ ስትመለስ አየኋት። አምሮባታል። እማ እንዳታያት ብዬ መንገድ ቀየርን።»

ዙልፋ ከቁልፎቹ ላይ እጇን አነሳች። «ጉም አምባ ልመልስሽ። ውሉን አፈርሳለሁ። ጦረኛውን የከለከልኩት ደሳለኝ ራሱ ትመለስ ብሏል።»

ከድጃ ትንሽ አሰበችና፣ «አይሆንም» አለች። «የሞተ አይመለስም ያልሽው አንቺ ነሽ። እማ አንዴ አልቅሳልኛለች። ሌላ ሰው ሆኜ እገባለሁ፤ ስሙን አንቺ አውጪልኝ።»

ዙልፋ ማመልከቻውን ጽፋ ጨረሰች። እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት፤ «ከድጃ» የምትለው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተቆረጠ፣ ከድጃ ራሷ ተቀብላ አነበበችው።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፏል። እኔ ተመርቄ ወጥቻለሁ። ለእትዬ ማሚቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ሚኒባሱ ውርጌሳ ላይ ሰው ሲያወርድ እኔ ስልኬን እያየሁ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ባለፈው ወር መርሳ ወርጄ ነበር። ሱቁ ውስጥ አንድ ሰውዬ የወንድሙን ሞት ማስታወቂያ ሊያስጽፍ ቆሟል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ዙልፋ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አነበበችና ቀና አለች።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ምን?»

«መሞቱ። እርግጠኛ ነህ? ሬሳውን ያየ ሰው አለ?»

ሰውዬው ወረቀቱን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ። «አንቺ ሴት፣ በሞት ይቀለዳል እንዴ?»

«ይቀለዳል» አለች ዙልፋ። «እኔ ቀልጄ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የምጠይቅህ፣ ወንድሜ።»

ሰውዬው አያት። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለ።

«አላህ ይዘንለት» አለችና ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። «በል፣ ስሙን በደንብ ንገረኝ።»