ከሚሞሪ ያጠፋሁት ድምፅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ለአንዲት ሙስሊም ሴት መዝሙር ጫንኩላት።

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ዘፈን መጫኛ ሱቅ የአማቼ የተካልኝ ነበረች። እሱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ልጄን ይዞ ሊሄድ ሲል፣ ሱቁ ከሚዘጋ እኔ ልያዘው አልኩ። እስከዚያ ቅቤና ቅመም ይዤ ከቡኢ ጥያ፣ ከጥያ እምድብር፣ ገበያ ለገበያ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም እኔ ስልክ ላይ እያወራሁ የልጅ ልጄ ናት ሰምታ የምትጽፈው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ካበዛሁ እሷ ትቆርጠዋለች።

ተካልኝ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አስተማረኝ። «እማዬ፣ ሥራው ሁለት ነገር ነው» አለኝ። «ከዚህ ኮፒ፣ እዚህ ፔስት። ሌላው ከደንበኛ ጋር መሳቅ ነው።» መሳቁን ከቅቤ ንግድ አውቀው ነበር።

ሴትዮዋ ጠዋት መጥታ መንዙማ ጫኚልኝ አለችኝ። ፎልደሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው፤ ስማቸው የተጻፈው በፊደል ነው። ሦስተኛው ነው ብዬ አራተኛውን ጫንኩ። ከሰዓት በኋላ እየሳቀች ተመለሰች።

«እትዬ፣ ገና በወጉ ሳንተዋወቅ ልታጠምቂኝ ነው?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅር በይኝ እህቴ፣ ዛሬ መጀመሬ ነው» አልኳት።

«ዜማውስ ደግ ነበር። ባሌ ሳይሰማው ቀይሪልኝ ብዬ ነው» አለች።

ማታውኑ ለተካልኝ ደወልኩ። በሳምንቱ መጥቶ በየፎልደሩ ላይ ሥዕል አደረገልኝ። የጉራጌ ዘፈን ከበሮ፣ መዝሙር መስቀል፣ መንዙማ ጨረቃ፣ ፊልም ደግሞ የሚያለቅስ ሰው። እኔም ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ የማንኛውንም ዘፈን መጀመሪያ በጆሮዬ ሳልሰማ አልጭንም፣ አላጠፋምም። ይህ ደንብ ብዙ ዓመት አገለገለኝ። ያሳፈረኝም ይኸው ደንብ ነው።

እንግዲህ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ሥራ ሦስት ማዕረግ አለ። ከሁሉ በላይ ሃርድ አምጪው ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ አዲስ የወጣውን ሁሉ በሃርድ ዲስክ ሞልቶ ይመጣል፣ እንደ ሙሽራ ይጠበቃል። ቀጥሎ ባለ ሱቁ ነው። ከታች ጫኚው ነው። እኔ ባለ ሱቅም ጫኚም ነበርኩ። ዕቃዬ አንድ ላፕቶፕ፣ ሚሞሪ የሚሰካበት ካርድ ሪደር፣ ደጅ ላይ የሚጮህ ስፒከር፣ ሚሞሪ ማውጫ መርፌ። መርፌዋን ነጠላዬ ላይ እሰካት ነበር።

ስለ ስልክ ከጠየቃችሁኝ፣ በቁልፍ ከሚሠራው የሚበልጥ አላየሁም። ይወድቃል፣ ባትሪው ይበተናል፣ ሰብስበህ ስትገጥመው ይናገራል። ባትሪውን ቻርጅ ካደረጉት ገበሬው ለሚቀጥለው ገበያ እስኪመለስ ይቆያል። መስታወት ብቻ የሆነው ስልክ ግን እንደ እንቁላል ነው። የሚያምር ነገር ነው፤ ግን ሰው በሁለት እጁ ይዞት ሲሄድ ሳይ ያሳዝነኛል።

ሱቁ ጥግ ላይ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ነበሩ፤ የኳስ ጌም። ደንበኞቼ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ተሳፋሪ ሲጠፋ ገብተው ይጫወታሉ፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለተረኛ ያስረክባል። ጌም ትውልድ አጠፋ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ያየሁትን ልናገር፤ ወረፋ ተጣልተው መናኸሪያ ላይ የተሰዳደቡ ሁለት ሾፌሮች እኔ ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የታረቁት። ኳሱን ሲያዩ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ለዚያ ይሆናል። ጌም የሚያስቆጣኝ ሰው ምሳውን ሲያስረሳው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሶኬቱን እነቅላለሁ።

አንድ ቀን ተረኛ ጠፋና ሱልጣን የሚባለው ሾፌር ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እማማ፣ በረኛ ሁኚ። ይህቺን መጫን ብቻ ነው።»

ተጫንኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ሳቁ።

«ምን አደረግሁ?»

«ኳሱን ለእኔ ለተጋጣሚሽ አቀበልሽኝ።»

«ታዲያ እንግዳ አይደለህ? ልከልክልህ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስሜ «አቀባይ» ሆኖ ቀረ።

ኋላ ከስልክ ወደ ስልክ መላላክ መጣ። ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አጠገብ ለአጠገብ ያደርጉና ዘፈኑ በአየር ያልፋል፤ ካርድ ሪደር የለ፣ ጫኚ የለ። ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሲላላኩ አያለሁ። አንዷን ልጅ ተቆጣኋት። «የሰው ዘፈን በነፃ መውሰድ ደግ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ አንቺስ ከዘፋኙ ነው የገዛሽው?»

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከበሮ ካለበት ፎልደሬ ውስጥ ዘፈኑ ያለ አንድ ዘፋኝ ሱቄ ገባ። ስልኩ ተሰርቆበት አዲስ ሚሞሪ ይዞ መጥቷል። የራሴን ዘፈን ጫኚልኝ አለኝ። ጫንኩለት፤ ሂሳቡን ሊከፍል እጁን ኪሱ ሲከት ያዝኩት። እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ የጠራ ሐሳብ የለኝም። መላላኩን ግን እንደ ጠላት ማየቴን አልተውኩም ነበር፤ ጋሽ ከድር እስኪመጡ ድረስ።

ጋሽ ከድር የመስቃን ገበሬ ናቸው። በየገበያው ቀን በርበሬ ሸጠው ሲመለሱ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ረመዳን ሊገባ ሰሞን ስልካቸውን ሰጡኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ መንዙማ ጫኚልኝ። ቦታ ካነሰው የማይረባውን አጥፊው» ብለውኝ ወደ ገበያ ሄዱ።

ሚሞሪው ሞልቷል። እንደ ደንቤ የእያንዳንዱን መጀመሪያ ሰማሁ። አንዱ ረጅም ቅጂ ነው፤ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ስከፍተው ሸር፣ ሸር፣ ሸር ይላል። እንሰት ሲፋቅ ነው፤ ይህን ድምፅ የማያውቅ የአገራችን ሴት የለችም። የቀርከሃው መፋቂያ ቅጠሉ ላይ ሲሳብ ነው። ትንሽ ጠበቅሁ፣ አሁንም ሸር ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሳይታወቅ የሚቀዳው ብዙ ነው፤ በቀን አንድ ሁለት አጠፋ ነበር። አጠፋሁት። በቦታው መንዙማውን ሞላሁ።

በሚቀጥለው ገበያ በርበሬያቸውን ሳይሸጡ በጠዋት መጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እህቴ፣ አንዲት ቅጂ ነበረች። አላገኘኋትም።»

«የምን ቅጂ?»

«የዘይነባ።»

ዘይነባ ሚስታቸው እንደነበረች፣ ከሞተች ሁለት ዓመት እንዳለፋት አውቃለሁ። ለቅሶ ደርሻለሁ። አንድ ቀን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሳያውቁት ቀድቶ ኖሯል። ከሞተች በኋላ ነው ያገኙት። ማታ ማታ ከሶላት በኋላ ይከፍቱት ነበር።

እኛ ጫኚዎች ለእንዲህ ያለው ቀን የተዘጋጀ መልስ አለን። «ቫይረስ በልቶት ይሆናል» እንላለን። ደንበኛው ቫይረስን አይከስም፣ ይሄዳል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘውታል። አልወጣልኝም።

«ጋሽ ከድር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መጀመሪያውን ሰምቼ የማይረባ መስሎኝ ነው።»

ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «አጥፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ኸይር ነው።» ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ሚሞሪያቸውን አስቀርቼ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰክቶ ብዙ ሞከረ። «ባዶውን ትተሽው ቢሆን ይመለስ ነበር። ላዩ ላይ ጭነሽበታል» አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

«ይህን ቅጂ ሌላ የወሰደ ሰው የለም?» አልኳቸው።

አሰቡ። «ነኢማ አንድ ጊዜ በስልክ አስተላልፋ ወስዳለች። የዘይነባ የእህቷ ልጅ ናት፣ ያኔ እኛ ጋ ነበረች። ወልቂጤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። የትኛው ዳቦ ቤት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ቁጥሯም ተቀይሯል።»

እግሬ የለመደው ነው፤ በማግስቱ መኪና ቀያይሬ ወልቂጤ ገባሁ። ዳቦ ቤት ለዳቦ ቤት ጠየቅሁ። በአንደኛው ነኢማ የሚባል የለም አሉኝ። በሁለተኛው አንዲት ነኢማ አለች፣ ግን የሌላ ሰው ዘመድ ናት። አራተኛው ላይ ዱቄት የለበሰች ልጅ ከውስጥ ወጣች። ማን እንደላከኝ ስነግራት አይኗ እንባ ሞላ፤ ቀጥሎ ግን ፊቷን አዞረች።

«እማማ፣ ሙሉውን የለኝም።»

«ምን ሆነ?»

«ጌም ልጭን ቦታ አጣሁ። ከረሜላ የሚደረደርበት ጌም ነው። ቅጂውን ቆረጥኩት። እኔን የጠራችበትን ብቻ አስቀረሁ፤ ለሥራ በሌሊት የምነሣው በእሱ ነው፣ ደወል አድርጌዋለሁ።»

ልቆጣት አልቻልኩም። እሷ ቆረጠች እንጂ አላጠፋች። ለእኔ የመቆጣት መብት ማን ሰጠኝ?

ከፈተችልኝ። የሴት ድምፅ፣ ቅርብ፣ የሚስቅ ድምፅ። «ነኢማ፣ ነኢማ፣ ተነሽ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይዋ ቀደመችሽ።» አለቀ። ዘይነባ አፏን የከፈተችው ከዚያ ሁሉ መፋቅ በኋላ ነበር፤ እኔ ሳልደርስበት ነው ያቋረጥኩት።

«ላኪልኝ» አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ የተቆጣሁትን ነገር በገዛ ስልኬ አደረግሁት። ሁለቱን ስልክ ዱቄት ያለበት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ስልኩ ላይ ያለው መስመር እስኪሞላ ዓይኔን አልነቀልኩም። ልጅቷ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ «ለአጎቴ» ብላ ሰጠችኝ።

ጋሽ ከድር በገበያው ቀን መጡ። ሱልጣንና ሌላ ሾፌር ኳስ ላይ ነበሩ፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ራሳቸው አጠፉት። ድምፁን በትልቁ ስፒከር እንዳይሆን ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ድምፅዋ ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኛል፤ ፊታቸውን እጠብቃለሁ። ሰሙ። ምንም አልተለወጡም።

«ሌላውስ?» አሉኝ።

«ሌላው የለም ጋሽ ከድር። የተናገረችበት ይኸው ነው።»

«ድምፅዋንማ አልረሳሁትም» አሉ። «ዓይኔን ስጨፍን ትናገረኛለች። የጠፋብኝ እጇ ነው። ትከሻዋን ያማት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ስባ ታርፋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። እሱን ስሰማ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ያ እኔ የማይረባ ያልኩት ሸር ሸር፣ እሳቸው የሚሰሙት እሱን ኖሯል።

እንደገና ከፈትኩት። አሁን እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከድምፅዋ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ሸር፣ ሸር፣ ሸር። ከዚያ ጸጥታ። «ፀሐይዋ ቀደመችሽ» ስትል ደግሞ አንድ ጊዜ ሸር። ጋሽ ከድር ጣታቸውን ብድግ አደረጉ፤ በሦስተኛው ላይ አወረዱት።

«እሷ ናት» አሉ። «ስታርፍ ይሰማል።»

ሚሞሪያቸው ላይ መለስኩላቸው። ስልኩ እየደጋገመ እንዲያጫውት አደረግሁላቸውና የትኛዋን ቁልፍ እንደሚጫኑ አሳየኋቸው። ላፕቶፔም ላይ፣ ስልኬም ላይ፣ ልጄ ጋ አዲስ አበባም አስቀመጥኩት። ለፎልደሩ ተካልኝ የእንሰት ቅጠል ሥዕል አደረገለት። ሱልጣን ሳይቀር «እማማ አቀባይ፣ ለእኔም ላኪልኝ፣ ከጠፋ አይታወቅም» ብሎ ወስዷል።

አሁን ሱቁ ፀጉር ቤት ሆኗል። ሚሞሪ የሚያስጭን ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በስልኩ ይላላካል። አልቀየምም። የሆነች ልጅ በነፃ በስልኳ ወስዳው ባይሆን ኖሮ የጋሽ ከድር ነገር በእኔ እጅ አልቆ ነበር።

ያን ደንቤንም ለወጥኩት። መጀመሪያውን መስማት አይበቃም። ለሥራው አዲስ የሆናችሁ ጫኚዎች፣ የሰው ሚሞሪ ሲሞላ አዲሱን ከመጫናችሁ በፊት ያለውን ኮፒ አድርጉ። የምታጠፉትን ለባለቤቱ አሰሙት። ባለቤቱ ገበያ ሄዶ ከሆነ እስኪመለስ ጠብቁት።