ሽማግሌዎቹ የያዙት የአውሮፕላን ጭራ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ... ሁለቱም እጄ በሙጫ እንደተያዘ ሽማግሌ መጣብኝ።

ከአስመራ በሳጥን ያስመጣኋትን ትንሽ አውሮፕላን እየሠራሁ ነበር። «በዚህ ዕድሜው መጫወቻ ይሠራል» የሚሉኝን ሰምቻቸዋለሁ... ይበሉ። ባሕር ማዶ ምህንድስና ያስተማሩኝ ሰዎችም በዚሁ ነው የጀመሩት።

ከጭራዋ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፉ ሁለት ቁራጭ ክንፎች አሉ። አውሮፕላኗ የምትወጣውም የምትወርደውም በነሱ ነው። ከጭራው ጋር የሚያያይዛቸው ማጠፊያ ከገተረና አልታጠፍ ካለ አለቀላት። ከዚህ በፊት የሠራኋቸው ሁለቱ አዘዞ ሜዳ ላይ አፍንጫቸውን ተክለው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ማጠፊያቸው ለምን እንደሚገትር ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ በዚህኛው ተጨነቅሁ። ናስ ይከብዳል፤ ጭራውን ይጎትታል። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክር ቢሰፋ በስፌቱ መሃል ነፋስ ያልፋል። የሚያስፈልገው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ስስ ጨርቅ ነው። ከባለቤቴ ከአልጣሽ የጥምቀት ጃንጥላ ጥጉን ቆረጥሁ። እሷ አታውቅም።

እንጨቱን በምላጭ ልክ መሃሉ ላይ ሰንጥቄ፣ የጨርቁን ግማሽ ወደ ጭራው፣ ግማሹን ወደ ቁራጭ ክንፎቹ ከትቼ፣ ሙጫ ቀብቼ ግራና ቀኙን በሁለት እጄ ገጥሜ እንደያዝሁ... በሩ ተንኳኳ።

መሪጌታ አድማሱና ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ዑመር ናቸው። ሁለቱ ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ከቆሙ ለምን እንደመጡ አይጠየቅም። ልጄን ጥሩወርቅን ለመምህር ጌታሁን ሊጠይቁ ነው።

መልሴ የተዘጋጀ ነበር። አይሆንም! ጌታሁን ፀዳ ሰፈር የተከራየው ቤት በሩ ዘሞ መሬት ይጭራል። ገብቶ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ እየጫረ ይኖራል። በር ያላቃና ሰው ትዳር ሊያቃና ነው? ይህን ስነግራት ጥሩወርቅ አልቅሳለች። አሁንም ከጓዳ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ።

አልጣሽ ወንበር ልታቀርብ ስትል በዓይኔ ከለከልኋት። ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው። የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ እሺ ማለቱ ነው።

«ከቆማችሁ አይቀር ያዙልኝ» አልኋቸው።

«ምኑን?» አሉ መሪጌታ።

«ቀኙን እርስዎ። ሐጂ፣ እርስዎ ግራውን። እስኪደርቅ እንዳትንቀሳቀሱ!»

«ኧረ በማርያም!» አለች አልጣሽ። «ምነው፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው!»

«ወላሂ፣ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ጥያራ ተሸከምን» አሉ ሐጂ። ግን ያዙ። የሚለምን ሰው ምን ምርጫ አለው?

የሐጂ እጅ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ የለካ እጅ ነው፤ እንደ ድንጋይ ጸና። መሪጌታ ግን አርጅተዋል... እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቁራጯ ክንፍ በጣታቸው መሃል ላይ ታች፣ ላይ ታች ትላለች።

«መሪጌታ፣ እጅዎ!»

«እጄን ያንቀጠቀጠው እግዜር ነው። እሱን ተቆጣ፣ ልጄ።»

እንደቆሙ ጉዳያቸውን ጀመሩ። ጌታሁን ሸጋ ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፣ አይጠጣም... እኔ የማየው ግን እጃቸውን ብቻ ነው።

«የቤቱን በር አይታችሁታል?» አልሁ በመጨረሻ። «መሬት ይጭራል!»

«እሱማ ይጭራል» አሉ ሐጂ። «ሌባ ቢመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ልጁ ውሻ መቀለብ አያስፈልገውም።»

ከጓዳ ሳቅ ሰማሁ። ሐጂ ዝቅ ብለው ጨርቁን አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ደምሴ... ይህ ለአልጣሽ የሸጥሁላት ጃንጥላ አይደለም?»

«አደራ፣ ሐጂ።»

«አደራማ አለብኝ። የጌታሁንን አደራ ይዤ አይደል የመጣሁት?»

ሙጫው ደረቀ። ጭራውን ተቀበልኋቸውና መጀመሪያ ሐጂ የያዙትን ግራውን አጠፍሁ። ንቅንቅ የለም! እንደ ፋሲል ግንብ ቆሟል። ልክ እንደ በፊቶቹ። የመሪጌታውማ ምን ሊሆን ነው ብዬ ቀኙን ነካሁት... ወረደ። ለቀቅሁት፤ ተመለሰ። እፍ አልሁበት... በትንፋሼ ተወዛወዘ!

አሁን ገባኝ። ሙጫው በጨርቁ ተስቦ መታጠፊያው ድረስ ይደርሳል። ዝም ብሎ የተያዘውን እዚያው ያደርቀዋል። የሚንቀሳቀሰውን ግን መያዝ ያቅተዋል። አዘዞ የወደቁትን ሁለቱን በማሰሪያ ጠፍሬ፣ ትንፋሼን ውጬ ያደረቅኋቸው እኔው ነኝ።

«አበላሸሁብህ?» አሉ መሪጌታ፣ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው እየመለሱ።

«የለም... የተበላሸው የሐጂ ነው።»

«ምን አጠፋሁ? ንቅንቅ አላልሁም እኮ!» አሉ ሐጂ።

«እሱ ነው ጥፋትዎ።»

ጭራውን ይዤ ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ። «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ስለዘመመ በር ያዘጋጀሁትን ንግግር፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የቀናውን ነገር ይዤ እንዴት ልናገረው?

«ተቀመጡ» አልሁ።

አልጣሽ ወንበሩን ሳታደርስ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጥታ ጉልበቴን ስትስም ጭራውን ልትሰብርብኝ ነበር።

ማታውኑ የግራውን ማጠፊያ በምላጭ ፈልቅቄ እንደገና ለጠፍሁት። አሁን ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ እጄን እያንቀጠቀጥሁ ያዝሁት። አልጣሽ በበሩ ስታልፍ አይታኝ ኖሯል... ይኸው ለሰፈሩ ሁሉ «ምስኪን፣ ልጁን መስጠቱ ነው እንዲህ እጁን ያንቀጠቀጠው» እያለች ታወራለች፤ እኔም ስለ ጃንጥላው ብዬ ዝም ብያለሁ።