ፀሐይ የማይደርስበት ጓሮ

ከጎናችን የተከራየችው ሴትዮ ሰፊ የወንድ ሹራብ ለብሳ፣ ጓሮዋ ውስጥ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አበባ ትተክላለች። የልጇ መስኮት በዚያ በኩል ነው። ልጁ ከእስር ቤት ከተመለሰ ወዲህ መጋረጃውን ገልጦ አያውቅም።

"እህቴ፣ ለምን ፊት ለፊት አትተክያቸውም?" አልኳት በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ።

"እነዚህ ሙቀት ይወዳሉ እንጂ ፀሐይ አይችሉም። ጥላ ይሻላቸዋል" አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ቀዩ ዛሬ ፈነዳ" አለች። ይሄኛው ለእኔ አልነበረም።

ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው በስሱ ተገለጠ። በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ቀና ካለች የሚዘጋው ስለመሰላት፣ እንዳቀረቀረች አንዱን ቅጠል ደጋግማ ወለወለችው።