ሳትቆርብ ጠባች

ልጄ ሰማንያ ቀን እስኪሞላት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። «የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው» የሚሉኝ ነበሩ። ወይ ጉድ! ሙቀቱስ ከተወለድኩ ጀምሮ አለ። ከእሷ በፊት የወለድኩት ወንድ ልጅ አርባ ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው በትኩሳት ሞተብኝ። ክርስትና ስላልተነሳ ፍትሐት የለ፣ የክርስትና ስም የለ፤ እንዲሁ ተቀበረ። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስም እንደሚጠመቅ ያወቅሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ይቃጠላል።

ያኔ እኔ መንገድ ላይ ባጃጅ ፍለጋ ስራወጥ ልጁን ይዛልኝ የነበረችው ጎረቤቴ ናት። ሙስሊም ናት። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን በር አለው። ስመለስ ልጁን አቅፋ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። በእሷ ክንድ ላይ ነው ያረፈው።

የልጄ ሰማንያኛ ቀን እሑድ ዋለ። ተጠምቃ ወዲያው ስለምትቆርብ እስከዚያ ጡት አይሰጣትም። የክርስትና እናቷ የምትሆነው የባለቤቴ ታላቅ እህት ከዋዜማው ከደብረ ሲና ወርዳ፣ ስታራግብ አድራ «እዚህ አገር ደግሞ ሰው ይኖራል?» ስትለኝ ነጋ። ባለቤቴ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ፤ እትዬ ነጠላዋን ፍለጋ ሻንጣዋን ታገላብጣለች። እኔ ልታጠብ ስገባ ልጅቷን ጎረቤቴ ያዘችልኝ።

ጩኸቷ መታጠቢያው ድረስ ይሰማኛል። ድንገት ዝም አለች። እኔ የሕፃን ዝምታ አልወድም፤ ያኛውም ዝም ብሎ ነው የሄደብኝ። ሳሙናውን እንኳ ሳልለቀለቅ ወጣሁ። ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጡቷን አጉርሳታለች። የራሷ የሰባት ወር ልጅ አላትና ወተቷ ሞልቷል።

«ምን አደረግሽ አንቺ!»

«አለቀሰች እኮ! ምን ላድርጋት?»

«ትቆርባለች! አትጠባም!»

«እንዴ፣ ሕፃን ደግሞ ምን ይጾማል? ወላሂ አላወቅሁም።»

ልጄን ነጠቅኋት። «አረከስሽብኝ!» አልኳት። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ ስናደድ አፌ ይቀድመኛል። ፊቷ ልውጥ አለ። ጡቷን ሸፈነችና በአጥሩ በር ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ቄሱ «ለሚመጣው ሰንበት አምጪያት» የሚሉኝ መሰለኝ። በወንዱ ልጄ ሞት በአራት ቀን ነው የቀደመኝ፤ ሳምንት ማን ይሰጠኛል? ባጃጁ ውስጥ አፏን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

ክርስትና ቤቱ ደረስን። እትዬ ልጄን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች፤ ልጅቷ አፍ ስለሌላት ስለ እሷ ሆና ሰይጣንን ልትክድ ነው። ሰይጣንን ክዳለሁ፣ ሥራውንም፣ ሽንገላውንም እያለች ቄሱን ትከተላለች። ሽንገላ ሲባል ላብ አጠመቀኝ። እሷ በልጄ ስም ውሸትን ትክዳለች፤ እኔ የልጅቷ እናት ደግሞ ውሸቴን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ታዲያ ማንን ነው የማታልለው?

«ይቆዩ አባ! ጠብታለች!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬማ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉና «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«አያጠምቁልኝም ብዬ ነዋ! የፊተኛው ሳይጠመቅ ሞቶብኛል!» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

መስቀሉን አሳለሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ጥምቀት በወተት አይከለከልም» አሉ። «ዛሬ ከውሃና ከመንፈስ ትወለዳለች። ቁርባኑን ለሚመጣው ሰንበት ትቀበላለች።»

ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ገብታ ወጣች። ጩኸቷ እንዴት ደስ አለኝ! ማተቧን አሰሩላት፤ ስም አወጡላት። ከእንግዲህ የመጣው ቢመጣ ልጄ ስም አላት።

ጭንቀቴ ግን አልለቀቀኝም። ቁርባኑ ቀርቷል፤ የአጥሩ በርም ሳምንቱን ሙሉ አልተከፈተም። ግትር ነኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ እንደ ምንም ብዬ አንኳኳሁ። ባሏ ወጣና «ልጇን ይዛ ቀወት ገጠር እናቷ ዘንድ ሄዳለች» አለኝ። በእኔ ምላስ ቤቷን ጥላ ሄደች አልኩ።

በማግሥቱ ልጄ ቆረበች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደወጣሁ ለጎረቤቴ ደወልኩላት። ገና መጥራት ሲጀምር አነሳችው።

«ቆረበች?» አለችኝ፤ ደህና አደርሽም አላለች።

«ቆረበች።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«በእኔ ተቀይመሽ ነው አይደል የሄድሽው?»

«ተቀይሜስ ነበር። የሄድኩት ግን ለሱ አይደለም። ቁርባኑ ለዛሬ መዛወሩን ባልሽ ለባሌ ነግሮታል። በርሃብ ስታለቅስ ከሰማሁ እኔን አያስችለኝም፤ አጥሩን ጥሼ መግባቴ ነው። እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው የሸሸሁት።»

መንገዱ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ይቅር በይኝ፣ ያን ቃል...» ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እሱን ስመጣ እንጣላበታለን። አሁን ምን ታወሪያለሽ? አጥቢያት እንጂ!»