ጸበሉን ማን ያፍስስ?

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በአዊ ዞን ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ባለች ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም አምቡላንስ ሲጮህ ስሰማ የቀኝ እጄ ጣቶች ድንዝዝ ይላሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ካቶሊክ ነኝ። ጉራጌ አገር ካቶሊክ ቤት ተወልጄ ነው ያደግሁት። እዚያ ስመደብ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ገና በሳምንቴ አንዷ ባልደረባዬ «ጴንጤ ነሽ እንዴ?» ስትለኝ፣ «ኧረ በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ። ሁሉም ሳቁ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። እሑድ እሑድ ነጠላዬን ለብሼ እንደ ሰዉ ሁሉ ደጀ ሰላሙን ተሳልሜ እመለሳለሁ። መቁጠሪያዬን ትራሴ ውስጥ ሸሽጌ ማታ ማታ በጣቴ እቆጥራለሁ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው እንጂ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ።

ዕለቱ ሚካኤል ነበር። የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ፣ ሙሉ የምትባል ሴት ጠዋት ከእናቷ ከእማማ የሻረግ ጋር መጣች። ምጡ ጠናባት። እኩለ ቀን ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ግን አላለቀሰም። ጠረግነው፣ ጀርባውን አሸነው፣ ምንም የለም። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ የለውም። ትንሿን ጭንብል አፍና አፍንጫው ላይ ገጥሜ አየር የሚነፋውን የጎማ ፊኛ በእጄ መጭመቅ ጀመርኩ። እኔ ስጨምቅ ደረቱ ከፍ ይላል፣ ሳቆም ዝም ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚተነፍሰው በእኔ እጅ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ልንወስዳቸው እናትየውን አምቡላንስ ውስጥ አጋደምናት። እኔ ሕፃኑን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እማማ የሻረግ ፊት ለፊቴ። «ቆሰበር ድረስ ብቻ አድርሺልኝ ልጄ» አሉኝ። ኢንጅባራን እሳቸው እስከ ዛሬ ቆሰበር ነው የሚሏት።

ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ አለ። ከሰል የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። ሹፌራችን እየተሳደበ ወርዶ ከሰዎቹ ጋር ሊገፋ ሄደ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። እኔ እጨምቃለሁ። የልጁ ከንፈር እየጠቆረ መጣ፤ የልቡም ምት እየደከመ ነው።

እማማ የሻረግ አዩት። ለልጃቸው በአገውኛ አንድ ነገር ነገሯት፣ ሙሉም ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች። ከዚያ ከመቀነታቸው ሥር የጸበል ጠርሙስ አወጡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሲስተር፣ አርባ ቀኑን አይደርስም። ቄስ ከየት ይመጣል? አንቺ የተማርሽ ክርስቲያን ነሽ። ስመ ሥላሴ ጠርተሽ አፍስሺለት። እንዲሁ አይሂድብኝ።»

ልጅ እያለሁ የተማርኩት ትዝ አለኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ሞት ከደረሰና ቄስ ከጠፋ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል፤ ውሃውን የሚያፈሰው ራሱ ቃሉን ይበል እንጂ። ማንነቴን ሳልናገር እሺ ማለት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን እነዚህ ሰዎች የሚያምኑኝ ያልሆንኩትን ሆኜ ነው። ለልጃቸው ነፍስ የሚሰጡትን የመጨረሻ ነገር በውሸት ልቀበላቸው? አቃተኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ይወቁ። እኔ ካቶሊክ ነኝ።»

ጠርሙሱን መለስ አደረጉት። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በልቤ። በዚያ ሁሉ እጄ አላቆመም።

«እናንተ በማን ስም ነው የምታጠምቁት?» አሉኝ።

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ።»

«ማርያምንስ?»

«እናቴ ናት፣ እማማ። መቁጠሪያዋ ትራሴ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን አድርጋሽ ነው ትራስ ውስጥ የደበቅሻት?»

እንባዬ መጣ፣ የምጠርግበት እጅ እንኳ አጣሁ። እሳቸው ጠርሙሱን መልሰው ዘረጉልኝ። «በይ እንግዲህ፣ ቶሎ በይ!»

«እማማ፣ እጄን ካነሳሁ ይሞታል። እርስዎ ያፍስሱ፣ እርስዎ ይበሉት። እኔ ቃሉን እነግርዎታለሁ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ቄስ ነኝ?»

«አይደሉም። ግን ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን አለ?»

ሙሉ ከተኛችበት በአገውኛ ጮኸችባቸው። እማማ አማተቡ። ከጭንብሉ በላይ ግንባሩ ላይ አፈሰሱ፣ ስሙን በዕለቱ ታቦት አውጥተው እኔ የምለውን አንድ በአንድ እየደገሙ፦ «ኃይለ ሚካኤል፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

ውሃው ሲነካው አለቀሰ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አላለቀሰም። አይሱዙው ተገፍቶ ወጣ፣ እኛም ሄድን። ኢንጅባራ ስንደርስ ሌላ ነርስ ልትቀበለኝ ስትል ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው እሷ ናት አንድ በአንድ ከፊኛው ላይ ያላቀቀቻቸው። ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ከውስጥ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ። እማማ የሻረግ እልልታቸውን ለቀቁት። ዘበኛው «ሆስፒታል ነው!» ብሎ ቢቆጣ ማን ሰምቶት!

ወደ ሥራ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የአንድ ሁለት ሰው ሰላምታ ቀዘቀዘ። ያቺ ባልደረባዬ «ዓመት ሙሉ ስትዋሺኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። በአርባኛው ቀን ለክርስትናው ተጠራሁ። እማማ ለቄሱ ሁሉን ተናግረው ነበር። ቄሱ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝና የቀረውን በሥርዓታቸው ፈጸሙ። እኔም ጥምቀቱ አምቡላንሱ ውስጥ ተፈጽሟል የሚለውን እምነቴን ለራሴ ያዝኩ። መቁጠሪያዬን ግን አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር የሄድኩት።

መስከረም ላይ አንድ ሰው ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ተረኛዋ እኔ አልነበርኩም። ጓዳ ሆኜ የሴትየዋን ጩኸት ሰማሁ፦ «ካቶሊኳን ጥሩልኝ! የየሻረግን የልጅ ልጅ ያተረፈችዋን!»

ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ስም ነው። «አቤት፣ መጣሁ!» አልኩ፤ ጋውኔን እንኳ ሳልቆልፍ ሮጥኩ።