ቀና ያልኩባት ምት

መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሥራዬ ሚኒባስ መንዳት ነው፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፈረንጅ ሰፊ ሣር መሐል ቆሞ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ይመታል። ጎልፍ ነው አሉ። «ሥራ የፈታ!» ብዬ ፊቴን ላዞር ስል ምቱን እያዘገዩ ደግመው አሳዩት። ዱላው ወረደ፣ ወገቡ ዞረ፣ ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ገባ። ዱላው ኳሱን ሲነካ ግን ሰውዬው እንደ ጎነበሰ ነው። ራሱ ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑም ከኳሱ ቦታ አልተነሣም። ቀና ያለው ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው። የያዝኩትን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ነገር ማንም ፈረንጅ ሳያሳየኝ አውቀዋለሁ፤ ጋሼ አስተምሮኛል።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። የሚበልጠኝ በአራት ዓመት ስለሆነ አንቱ አልለውም፤ ጋሼነቱ ግን አይቀርም። በእኛ ቀበሌ የገና ጨዋታ ላይ እሱን የሚያህል መቺ አልነበረም። ሩር የምንላትን የእንጨት ኳስ የአስታ ዛፍ ሥር ቆርጦ ራሱ ይጠርባታል፤ ጫፉ የቆለመመውን ዱላም መርጦ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ገና ሲቃረብ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ላይ ይወስደኝና ያስመታኛል።

«ጉልበት ከክንድ አይመጣም፤ ከወገብ ነው» ይለኛል። «አጥብቀህ ልትመታ ስትል ደግሞ ይበልጥ ዝቅ በል። ሩሯ ሳትሄድ ቀና ካልክ ዱላው እጅህ ላይ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ የት እንደምትሄድ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው።»

ቀና ባልኩ ቁጥር ማጅራቴን በመዳፉ ይጫነኛል። እጁ ከባድ ስለሆነ እናደድ ነበር። ድሮም ቁጡ ነኝ፤ እናቴ «ይህ ልጅ በርበሬ ተቀብቶ ነው የተወለደ» ትለኝ ነበር።

ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት ጋሼ የሚኒባስ ረዳት ነበር። በር ይዞ እየተንጠለጠለ ስንት ዓመት ለፍቶ የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱን ጨርሷል፤ የቀረው ከጥምቀት በኋላ የሚሰጠው ፈተና ብቻ ነው። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ትቷል። «ከጥምቀት በኋላ እኔ ከፊት ነኝ፣ መሪው ጋ» ይላል። እናታችንም ገና ፈተናውን ሳያልፍ ጎረቤት «የሾፌሩ እናት» ብሎ ሲጠራት አቤት ማለት ጀምራ ነበር።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተጋጠምን። እኛ ታች ሰፈሮች እየተሸነፍን ነበር። ስድብ የጨዋታው ቅመም ነውና የላይ ሰፈር ሰዎች አፋቸውን ከፈቱብን። አንዱ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ወደ እኔ እያሳየ «ይሄ የወንድሙ ጭራ! ወንድሙ ካልያዘለት ዱላውንም አያነሣ!» አለ። ሜዳው በሳቅ ሞላ። ዞር ስል ጋሼም ይስቃል። የሰውዬውን ስድብስ እችለው ነበር፤ ያንገበገበኝ የእሱ መሳቅ ነው።

ወዲያው ሩሯ እግሬ ሥር መጣች። ጋሼ ፊት ለፊቴ፣ ትንሽ ወደ ግራዬ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ዝቅ ብሎ የሚመታ ሰው እዚያ የቆመን አይነካም። እሱ ያስተማረኝ እንደዚያ ስለሆነ አምኖኝ ቆመ።

አሳያቸዋለሁ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ። ክንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዬ ተነሣ። በእግር ጣቴ ቆምኩ፣ ጉልበቴ ተገተረ፣ ደረቴ ወደ ላይ ሄደ። ዓይኔም ሩሯን ትቶ ሰው ፈለገ። ዱላው እጄ ላይ ሲዞር ተሰማኝ። በቆልማማው ጫፍ መምታት ሲገባኝ በአንገቱ ነካኋት። ጧ! አለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ስለ እሱ ባላወራ ይሻለኛል።

ጋሼ ተንበረከከ። ቀኝ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዟል፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። እኔ ዱላዬን እንደ ያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ እየሮጡ ሲመጡ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» የሚለው ነው። በአገራችን የገና ዕለት ሜዳ ላይ ለፈሰሰ ደም ክስ የለም፤ ቂም የለም፤ ጌታ በሎሌው እንኳ አይቆጣም። ጋሼም ዓይኑን እንደ ያዘ «አይቆጡም ጌታ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ወይኔ! ያን ጊዜ ተነሥቶ በዱላ በፈነከተኝ ኖሮ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወሰድነው። ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ሲነግረው ጋሼ ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ዶክተር፣ በአንድ ዓይን መንጃ ፈቃድ ይሰጣሉ?» አለ።

ሐኪሙ አቀርቅሮ ወረቀቱ ላይ መጻፉን ቀጠለ።

ጥምቀት አለፈ። ቤታችን ውስጥ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እናቴ «እግዜር ያመጣው ነው» ብላ እህል ታቀርብልኛለች። እህሉ አልወርድ ሲለኝ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። «አስታርቁኝ፤ ልካስ፤ የፈረዳችሁትን ልቀበል» አልኳቸው። በዕድሜ የበለጡት ሽማግሌ ተቆጡኝ። «የገና ደም ሽማግሌ አይቀመጥበትም! ያልተጣላ ሰው ከማን ጋር ይታረቃል?» አሉ። እንግዲያስ ብዬ እንደ አባቶቻችን ወግ ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሼ እግር ሥር ወደቅሁ። ይቅር ካለኝ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይልና ድንጋዩን ያወርድልኛል፤ ወጉ ይኸው ነው። እሱ ግን ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወረወረና «ምን አድርገኸኝ ነው? ሰው ይስቅብናል፤ ተነሥ!» አለኝ። ይቅር አላለኝም። ይቅር የሚባል ጥፋት አልነበረማ!

ከሁለት ዓመት በኋላ የመንገድ ምልክት ያጠናበትን መጽሐፍ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው። «ከእኛ ቤት አንድ ሾፌር መውጣቱ አይቀርም» አለ። እንቢ ብል እናቴ አለቀሰች። ተማርኩ፤ አለፍኩ። ይኸው አሁን እኔ እነዳለሁ፣ ጋሼ በር ይዞ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» ይላል። የገና ዱላ ከዚያ ወዲህ በእጄ አልነካሁም።

ያን ጎልፍ ያየሁ ቀን ሻዬን ትቼ ወጣሁ። ጋሼ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ይፈትሻል። ሰው መሙላት አልጀመረም ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ቀና ብዬ ነበር» አልኩት። «ድንገት አይደለም። ስለ ሳቅህብኝ ተናድጄ ነው ቀና ያልኩት።»

ጎማውን መምታት አቆመ። ደህናውን ዓይኑን ወደ እኔ ለማምጣት አንገቱን ማዞር አለበት፤ አላዞረም።

«አውቃለሁ» አለ። «ተረከዝህ ከመሬት ሲነሣ አይቻለሁ። ዓይንህም እኔ ላይ ነበር። በዚያች ዓይኔ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነገር የለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? ምነው አልተቆጣኸኝም?»

«ማን ፈቀደልኝ?» አለ። «ደሜ ሳይደርቅ አትቆጣ አሉኝ። አንተ ድንጋይ ተሸክመህ መጣህ፤ እኔ ቁጣዬን ይዤ የት ልሂድ?»

ሁለት ባልቴቶች ጆንያቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ ጆንያውን ተቀብሎ ጣራው ላይ ጫነ፤ ባልቴቶቹን ደግፎ አስገባ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ «ደብረ ብርሃን!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ሲሞላ ገብቶ በሩን ከኋላዬ ዘጋና ጣራውን ሁለቴ መታ። «ሂድ» አለኝ። ሄድኩ።