ሽማግሌዎቼን ሊያስቀርብኝ የነበረው አውሎ ነፋስ

ይህ የሆነው አምና፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ለቆ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ነፋስ የሱቄን ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ እንደ ስደተኛ ባለሱቅ ሁሉ “ማይ ፍሬንድ” የሚሉኝ ደንበኞቼ “ማይ ፍሬንድ ዛሬ ምን ጠጥቶ ነው?” ይላሉ። ጴንጤ መሆኔን እያወቁ! ብቻዬን ከምስቅ ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ማቴዎስ እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር፣ ዳቦና ወተት የምሸጥባት ትንሽ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ አለችኝ። አስቴርን ያገኘኋት ለመንፈሳዊ ጉባኤ ኬፕታውን ሄጄ ነው። እሷ መዘምራን መሐል ነበረች፤ እኔ ደግሞ ስብከቱ ስለምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተዋደድን፣ ተስማማን፤ የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ።

አባቷ አቶ ኤርሲኖ እዚያው ኬፕታውን፣ ቤልቪል ሰፈር ልብስ ይሸጣሉ። በሰዓት የማይቀልዱ ሰው ናቸው። “ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሽማግሌዎቹ ይምጡ” አሉ። አስቴርም ለብቻዬ አስጠነቀቀችኝ። ከእኔ በፊት ለታላቅ እህቷ የተላኩ ሽማግሌዎች ቀኑን አሳልፈው በማግስቱ ቢመጡ አባቷ በሩን እንኳ አልከፈቱላቸውም። የእኔ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ካልደረሱ አስቴርን አጣኋት ማለት ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ፓስተራችን፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን፣ ዋናው ተናጋሪ ደግሞ ጋሼ ላምቤቦ። ጋሼ ላምቤቦ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ እዚያው አቅራቢያችን፣ ጀርሚስተን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ሰፋ ያሉ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው ናቸው። ለብርድ ልብስ ዋጋ የጠየቀ ደንበኛ ትራስም ሳይጨምር አይወጣም፤ አንደበታቸው እንዲህ ነው። ትኬት ተቆረጠ፤ ዓርብ ሊበሩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ግን ነገር መጣ።

እኛ ስፓዛ ያለን ሰዎች በስልክ የድምፅ መልእክት የምንለዋወጥበት ግሩፕ አለን። “በዚህ መንገድ ረብሻ አለ፣ ዝጉ” ከተባለ እንዘጋለን። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚከራከር የለም፤ ጥያቄ የሚመጣው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። የስደተኛ ሱቅ በሚዘረፍበት አገር ይህ ልማድ ብዙዎቻችንን ከሞት ስላተረፈ በግሩፑ የመጣ ድምፅ እንደ ሕግ ይታያል።

የዚያን ዕለት የመጣው የአንድ ዜና አንባቢ ወፍራም ድምፅ ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ክብረ ወሰን የሰበረ አውሎ ነፋስ ተነስቷል፤ ጣሪያ ይገነጥላል፣ መርከብ ይገለብጣል አለ። ከሥሩ አንድ ወንድማችን የራሱን ድምፅ ጨመረበት። “ወገኖቼ፣ አትላንቲክ ማለት የኬፕታውን ባሕር ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ቅሩ!”

እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ የሱቁን በር ግማሽ ድረስ አወረደው። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ጎረቤቴ ማ ኖምሳ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

“ሃው! ማይ ፍሬንድ፣ ምን መጣ?”

“ባሕር” አልኳት።

ማ ኖምሳ መንገዱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከተች። ከእኛ ሰፈር እስከ ቅርቡ ባሕር እንኳ በመኪና ቢነዳ ጠዋት የተነሳ የሚደርሰው ከሰዓት ነው። ዳቦዋን ተቀብላ፣ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። እኔም አፍሬ በሩን መልሼ ከፈትኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ላምቤቦ ናቸው።

“ማቴዎስ፣ ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ግን እስኪጣራ...”

“ሻንጣዬን ፈትቻለሁ።”

ለአስቴር ደወልኩ። “ፀሐይ ነው እኮ፣ ምን ሆነሃል?” አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጋሼ ላምቤቦንም መስመሩ ላይ አስገባሁና ጸጥታውን በጆሯቸው እንዲሰሙ አስቴር ግቢ እንድትወጣ ጠየቅኳት።

የኬፕታውንን የጸደይ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው አጋድሞ የሚያስኬድ፣ ከሰማዩ ላይ አንድ ደመና ሳይኖር የሚያፏጭ ነፋስ ነው። አስቴር በሩን ስትከፍት “ሁዉዉዉ!” የሚል ድምፅ ስልኩን ሞላው። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሁልጊዜው ነው” እያለች ሳለ አንድ ባልዲ ሲንከባለል ተሰማ።

“ይኸው!” ብለው ጮሁ ጋሼ ላምቤቦ። “ልጄ፣ ቶሎ ወደ ቤት ግቢ!”

ያድነኛል ብዬ ያሰብኩት ነገር ይባስ ገደለኝ።

ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ ወደ ጀርሚስተን ከነፍኩ። ጋሼ ላምቤቦ ከብርድ ልብሱ ክምር ኋላ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በቁጣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በአዘኔታ እጄን ያዙኝ።

“ልጄ፣ ቆም ብለን እንጸልይበት። ምናልባት ጌታ መንገዱን እየዘጋው ይሆናል።”

በእኛ ዘንድ አንድ የእምነት አባት “ጌታ ዘግቶታል” ካለ ያንን በር መልሶ የሚከፍት ሰው የለም። ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ብለምን ማን እሺ ይለኛል? እንባዬ መጣ። ለመጸለይ የጎነበስኩ መስዬ በብርድ ልብስ ጫፍ ጠረግኩት።

ያኔ ናኦሚ ትዝ አለችኝ። ናኦሚ የእህቴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ትሮይቪል ሰፈር ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ አየር ንብረት የምትማር ልጅ። ደውዬ “በክርስቶስ ስም ድረሽልኝ” አልኳት። ከሰዓት መጣች። የድምፅ መልእክቱን ሰማችና እስክትጨርስ ሳቀች፤ ከዚያ የጋሼን ፊት አይታ ሳቋን ዋጠችው።

“ጋሼ፣ አውሎ ነፋሱ አለ፤ ሲሪየስሊ ትልቅ ነው። ግን ያለው በባሕሩ ሰሜን፣ አሜሪካ በኩል፣ እዚያ ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ጋ ነው።”

“ኬፕታውን ያለው ባሕር አትላንቲክ አይደለም?”

“ነው።”

“ታዲያ ከዚያ ወደዚህ የሚያግደው ምንድን ነው? ግንብ አለ?”

“ቅዝቃዜ!” አለች ናኦሚ። “እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ የሚበላው ሙቀት ነው። ባሕሩ ሲሞቅ እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል፤ ነፋሱ የሚሽከረከረው በዚያ ጉልበት ነው። የኬፕታውን ባሕር ግን ከደቡብ በረዷማ ውሃ እየመጣበት ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ቢደርስ እንኳ የሚበላው አጥቶ ይሞታል።”

ጋሼ ላምቤቦ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። “የዚያኛው በኩል ባሕር ድሮም ሞቃት ከነበረ፣ ይሄኛው በምን ተለይቶ ነው ክብረ ወሰን የሰበረው?”

ናኦሚ ጥያቄው ደስ አላት። “አክቸሊ ዋናው ነገር እሱ ነው። ነፋሱ ሲያልፍ ባሕሩን እንደ ወጥ ያማስለዋል። ብዙ ጊዜ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣና ያደክመዋል። አሁን ግን ዓለም እየሞቀች ባሕሩ ወደ ታችም ሞቋል፤ ቢያማስለው የሚወጣለት ያው ሙቅ ውሃ ነው። በዚያ ላይ፣ ከፍ ብሎ ሌላ ነፋስ ቢኖር አናቱን ገፍቶ ያፈርሰው ነበር፤ እሱም አልነበረም። ስለዚህ ባንድ ቀን ውስጥ ተነፋ።”

“በስልክ የሰማሁትስ?”

“እሱ ደረቅ ነፋስ ነው ጋሼ። ከባሕር ሙቀት አይበላም። ባልዲ ይገለብጣል እንጂ ቤት አያፈርስም።”

ስልኳን አውጥታ ከደሴቶቹ የመጣ ቪዲዮ አሳየችን። ሙሉ ሰፈር ጣሪያ አልነበረውም። አንዲት ሴት የቤቷ ፍርስራሽ ላይ ቆማ ድስት ታነሳለች። ጋሼ ላምቤቦ ስልኩን ተቀብለው ደግመው አዩት። “እኔ ስለ ጉዞዬ ስጨነቅ...” አሉና እዚያው ለማያውቋቸው ሰዎች ጸለዩ። እኔም ያኔ ነው አውሎ ነፋሱ ከእኔ ሠርግ ሌላ የሚያፈርሰው ነገር እንዳለ የገባኝ።

ከአሜን በኋላ ግን ያው ሽማግሌ ናቸው።

“ናኦሚዬ፣ ተባረኪ። ነገር ግን ሽማግሌ በሰው አፍ አይመሰክርም፤ አይቶ ነው። እሄዳለሁ። መጀመሪያ ባሕሩን ራሴ እነካለሁ። ሙቅ ከሆነ በመጣሁበት እመለሳለሁ።”

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ግን እንዳይመለሱብኝ ሻንጣ ተሸካሚም ሾፌርም ሆኜ አብሬ በረርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቀጠሮው በፊት፣ ሦስት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች ባሕር ዳር ቆሙ። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። እኔ “ጌታ ሆይ አቀዝቅዘው” እያልኩ እጸልያለሁ። ጋሼ ላምቤቦ ጫማና ካልሲያቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሊነክሩ ሲሉ አንድ ማዕበል ደረሰና እስከ ወገባቸው አራሳቸው።

“ኢየሱስ!” የሚለው ጩኸታቸው ከከተማው በላይ እስካለው ተራራ ሳይሰማ አልቀረም። “በረዶ ነው! በረዶ ነው!”

እኔ “ሃሌሉያ!” አልኩ። ፓስተራችን እየሳቁ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ እየተንቀጠቀጡ “ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ይሄ ባሕር እንኳን አውሎ ነፋስ ሻይም አያፈላም” አሉ። ጥርጣሬያቸው አለቀ። ሱሪያቸው ግን ይንጠባጠብ ነበር፤ ሰዓቱም ደርሷል። ሱቅ እንፈልግ ወይም ሻንጣው ወዳለበት እንመለስ ብንል አቶ ኤርሲኖ በር ይዘጋሉ። አንድ መላ ብቻ ነበር። መኪናው ውስጥ እኔና ጋሼ ሱሪ ተለዋወጥን።

እኔ ቀጭን ነኝ። ሱሪዬም በዘመኑ ፋሽን ጠባብ ነው። ፓስተሩና ዲያቆኑ ለጋሼ በግራና በቀኝ ጎተቱላቸው፤ ቁልፉ ግን እምቢ አለ። በቀበቶ አሰሩት፤ ኮቱን ቆለፉበት። ጋሼ ላምቤቦ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ወደ አቶ ኤርሲኖ ቤት ገቡ። እኔ መንገዱ ጥግ፣ መኪና ውስጥ፣ የጨው ውሃ የጠጣ ድንኳን የሚያህል ሱሪ ታቅፌ ቀረሁ።

አስቴር ከጓዳ መልእክት ትልክልኝ ጀመር። “ገቡ።” ቀጥሎ፣ “ተቀመጡ ተባሉ፤ ሁለቱ ተቀመጡ፣ ትልቁ ሰውዬ እምቢ አሉ።” ቀጥሎ፣ “አባዬ ግራ ገባው።” እኔ መኪናው ውስጥ በላብ ተጠመቅኩ። የሆነውን በኋላ ፓስተራችን ናቸው የነገሩኝ።

በወጋችን ሽማግሌ ሲገባ መልስ ሳይሰማ አልቀመጥም ይላል። ይህ ለወጉ ያህል ነው፤ ሁለቴ ሲለመን ይቀመጣል። የልጅቷ አባትም “ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ” ይላሉ። ጋሼ ላምቤቦ ግን ቢቀመጡ ሱሪው እንደሚያዋርዳቸው ያውቃሉ።

አቶ ኤርሲኖ “እባክዎ ይቀመጡ” አሉ።

“ልጅዎን ለልጄ ሳይሰጡኝ አልቀመጥም።”

“ዘመድ ላማክርና በሚቀጥለው ወር...”

“እንግዲያውስ እስከዚያ እቆማለሁ።”

ምግብ ቀረበ፤ ቆመው አልነካም አሉ። ጎረቤት መጣ፤ ቆመው ሰላም አሉ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ የታየ ጊዜ አቶ ኤርሲኖ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንዲህ የቆመ ግን አላየሁም። ሰጥቻለሁ! አሁን በእግዚአብሔር ይቀመጡ!”

ጋሼ ላምቤቦ ምክንያት አልቀራቸውም። ተቀመጡ። ሱሪዬ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ደግነቱ ጓዳ ያሉት ሴቶች እልልታውን አቅልጠውት ስለነበር የሰማ የለም። ኮታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሉ።

ተጋባን። አማቼ ዛሬም በየሠርጉ “ሽማግሌ ማለት የልጄ ሽማግሌ ነው” እያሉ ይመሰክራሉ፤ ይህን ጽሑፍ አስቴር ከእሳቸው የምትደብቅበት ቦታ አዘጋጅታለች። ጋሼ ላምቤቦም ተለውጠዋል። በዚያ በኩል አውሎ ነፋስ ተነሳ በተባለ ቁጥር ለናኦሚ ደውለው የባሕሩን ሙቀት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ለደሴቶቹ ሰዎች ይጸልያሉ።

እኔ ታሪኩን ሳወራ እስቃለሁ። በቀደም ግን ጋሼን “ሱሪው ባይጠብዎት ኖሮ ይቀመጡ ነበር አይደል?” አልኳቸው።

“መጀመሪያ የቆምኩት ለሱሪው ነው” አሉኝ። “‘በሚቀጥለው ወር’ ሲሉኝ ግን እሺ ብዬ መውጣት እችል ነበር። አንተን አሰብኩህ፤ መኪና ውስጥ፣ በእኔ እርጥብ ሱሪ።”

ያን ቀን አልሳቅኩም። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።